ከማኅበር ወንድማችሁ ጋር ስትቀያየሙ፦ የማቴዎስ ምዕራፍ 18ን ቅደም ተከተል ሳትዘሉ የምትታረቁበት ዝርዝር መመሪያ

በጎንደር ሽማግሌ የሚያጣ ጠብ የለም። ሁለት የጽዋ ማኅበርተኞች ተኳረፉ ሲባል በማግስቱ ሦስት አራት ሰው ጋቢውን አጣፍቶ ይነሣል። "በሉ ስለ ሚካኤል ተሳሳሙ" ይባላል፤ ይሳሳማሉ፤ ጠላ ይቀዳል። ሁለት ወር ሳይሞላ አንደኛው "አሞኛል" እያለ ከማኅበሩ መቅረት ይጀምራል። ዕርቁ ከአንገት በላይ ነበር።

ይህ የሚደጋገመው ሰዎቹ ይቅርታን ስለሚጠሉ አይደለም። ጌታ በማቴዎስ 18፥15-17 ደረጃ በደረጃ ያስቀመጠውን ሥርዓት ከመካከሉ ስለሚጀምሩት ነው። ሽማግሌ በዚያ ሥርዓት ሁለተኛው ደረጃ ነው። የመጀመሪያው "ሄደህ አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው" የሚለው ሲሆን፣ በእኛ ዘንድ ዘወትር የሚዘለለውም እርሱ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ካሉት አሥር ደረጃዎች የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ለዚያ የብቻ ንግግር የሚያዘጋጁ ናቸው።

መመሪያው የንስሐ አባት ላላቸው ኦርቶዶክሳውያን ማኅበርተኞች ታስቦ ተጽፏል። የሌላ ቤተ እምነት አማኞች "የንስሐ አባት" በሚለው ቦታ አገልጋያችሁን ተክታችሁ ልትሠሩበት ትችላላችሁ፤ ወንጌሉ አንድ ነው።

በቅድሚያ፦ ይህ መመሪያ የማይሠራባቸው ጉዳዮች

ደም ያለበት ነገር ከሆነ ብቻችሁን አትሂዱ። ሰው የሞተበት ወይም የቆሰለበት ጠብ የራሱ የደም ማድረቅ ሥርዓት፣ የራሱ ሽማግሌዎችና የራሱ ሕግ አለው። የሚደበድብ ባል፣ የተደፈረች ሴት፣ ጉዳት የደረሰበት ሕፃን ባለበትም "ብቻችሁን ተነጋገሩ" የሚለውን ምክር የሚሰጥ ሰው ቢመጣ አትስሙት፤ ተበዳዩን ከአደጋው አውጡ፣ ወደ ሐኪምና ወደ ፖሊስ አድርሱ። ይቅርታ የሚነሣው ተበዳዩ ደኅና ቦታ ላይ ከሆነ በኋላ ነው።

ለቀረው ማለትም ለስድብ፣ ለንቀት፣ ለሐሜት፣ ላልተከፈለ ብድር፣ ለአጥር ወሰን፣ በማኅበርና በዕድር ለሚነሣ ቅያሜ ቀጥሉ።

ደረጃ 1፦ ነገሩን በወረቀት ላይ ለዩት

አንድ ወረቀት አምጡና በሦስት ክፈሉት። በመጀመሪያው ረድፍ በዓይናችሁ ያያችሁትንና በጆሯችሁ የሰማችሁትን ብቻ ጻፉ። በሁለተኛው ሰው የነገራችሁን፣ በሦስተኛው ደግሞ የገመታችሁትን ጻፉ። "ሆን ብሎ ሊያዋርደኝ ነው" የሚለው ምንጊዜም ሦስተኛው ረድፍ ውስጥ ይገባል፤ የሰው ልብ አይታይምና።

አብዛኛው ሰው ይህን ሲጨርስ የመጀመሪያው ረድፍ ሁለት መስመር፣ ሦስተኛው ግን ገጽ ሙሉ ሆኖ ያገኘዋል። ወደ ንግግሩ ይዛችሁ የምትሄዱት የመጀመሪያውን ረድፍ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ይሆናል እንጂ ክስ አይሆንም። ሦስተኛውን ቅደዱት።

ከዚያ በደሉን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጡት። "ባለፈው ማኅበር በሰው ፊት ጠላችን ቀጠነ ብሎ ተናገረ።" "ለፋሲካ እመልሳለሁ ብሎ የወሰደውን 20,000 ብር እስከ አሁን አልሰጠኝም።" በአንድ ዓረፍተ ነገር ካልተቻለ ብዙ ጉዳዮች ተደባልቀዋል ማለት ነው፤ ከባዱን ለዩና ሌሎቹን ለጊዜው ተዉአቸው።

ደረጃ 2፦ መተው ይቻል እንደሆነ መርምሩ

ሁሉም ነገር ውቀሳ አይፈልግም። ምሳሌ 19፥11 በደልን ማለፍ ለሰው ክብሩ እንደሆነ ይናገራል፤ 1ኛ ጴጥሮስ 4፥8 ደግሞ ፍቅር የኃጢአትን ብዛት ይሸፍናል ይላል። በመተውና በመደበቅ መካከል ግን ልዩነት አለ። እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ራሳችሁን ጠይቁ፦

- በስሙ ልጸልይለት እችላለሁ?
- ከእርሱ ቀጥዬ ጽዋውን ብቀበል ይቀፈኛል?
- ሌላ ሰው ሲያማው ውስጤ ደስ ይለዋል?

መጀመሪያውን "አዎ"፣ ሁለቱን "አይ" ካላችሁ ነገሩ አልፏል፤ እዚህ ላይ አቁሙ፣ ከእንግዲህም አታንሡት። መልሱ ከዚህ ከተለየ አልተዋችሁትም፤ ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ነውና ወደ ቀጣዩ እለፉ።

ደረጃ 3፦ የራሳችሁን ድርሻ አውጡ

በወረቀቱ ጀርባ እናንተ ያደረጋችሁትን ጻፉ፤ የመለሳችሁትን ቃል፣ የዘጋችሁትን ሰላምታ፣ ለሰው የነገራችሁትን ሁሉ። በማቴዎስ 7፥5 መጀመሪያ ከራስ ዓይን ምሰሶውን ማውጣት የታዘዘው የወንድምን ጉድፍ አጥርቶ ለማየት ነው። ድርሻችሁ አንድ እጅ፣ የእርሱ ዘጠኝ እጅ ሊሆን ይችላል። አንዱን እጅ ጻፉት።

ከዚያ ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ንስሐውን ወደ ክስ ይለውጠዋል። "አባቴ፣ እገሌ እንዲህ አደረገኝ" ብላችሁ አትጀምሩ። "አባቴ፣ በወንድሜ ላይ ቂም ይዣለሁ" በሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ የንስሐ አባታችሁ የእርሱም የንስሐ አባት ከሆኑ፣ በመካከል ሆነው ቃል እንዲያመላልሱ አትጠይቋቸው። እርሱ "አባ ለእርሱ አድልተዋል" ብሎ ከጠረጠረ ከእናንተ ጋር ብቻ ሳይሆን ከአባቱም ጋር ይለያያል። እርሳቸው ወደ ኋላ ሊያስፈልጉ ይችላሉ፤ አሁን አታባክኗቸው።

ደረጃ 4፦ ወሬውን ዝጉ

ነገሩን እስከ አሁን የነገራችኋቸውን ሰዎች ስም ዝርዝር አውጡ። ባለቤታችሁ፣ ጎረቤት፣ የማኅበሩ ሙሴ (መሪው)፣ ውጭ አገር ያለች እኅት፤ ማንም አይቅር። ለእያንዳንዳቸው "ያንን ነገር ከራሱ ጋር ልነጋገርበት ስለሆነ ከእንግዲህ አታንሡብኝ" በሏቸው። ምሳሌ 26፥20 እንጨት ሲያልቅ እሳት እንደሚጠፋ፣ ጆሮ ጠቢም በሌለበት ጠብ ጸጥ እንደሚል ይናገራል።

በማኅበሩ የቴሌግራም ቡድን ላይ ስለ ትዕቢት ወይም ስለ ከዳተኛ ወዳጅ የሚናገር ጥቅስ መለጠፍም ማውራት ነው። ለማን እንደተለጠፈ ሁሉም ያውቃል፤ እርሱም ያውቃል። ለጥፋችሁ ከሆነ አጥፉት።

ደረጃ 5፦ ቀንና ቦታ ምረጡ

ቀኑን በተመለከተ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን የሐዋርያት ዲድስቅልያ የተባለው ጥንታዊ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መጽሐፍ ነው። የምእመናን ክርክር ሰኞ እንዲሰማ ያዝዛል፤ የማይስማማ ቢኖር እስከ ሰንበት ድረስ ለማስታረቅ ጊዜ እንዲተርፍ። ይህን ስሌት ውሰዱት። ሰኞ ወይም ማክሰኞ ተነጋገሩ፤ ካልተሳካ እስከ እሑድ ቅዳሴ ድረስ ሁለተኛ ዕድል አላችሁ።

የሚከተሉትን ጊዜያት ግን አትምረጡ፦

- የማኅበሩን ዕለት። ቤቱ በሰው ተሞልቷል፤ ደጋሹም ደክሟል።
- እሑድ ከቅዳሴ መልስ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ። ለብቻ አይደላችሁም፤ ሰላምታ የሚሰጥ ሁሉ ያቋርጣችኋል።
- ቅዳሜ ገበያ ውሎ የመጣበትን ምሽት።
- በጾም ቀን ከ9 ሰዓት በፊት። ባዶ ሆድ ለውቀሳ አይመችም።
- ጠላ ወይም አረቄ ከተቀመሰ በኋላ። ይህ ምክንያት አያስፈልገውም።

ኤፌሶን 4፥26 "በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ" ማለቱ በዚያው ሌሊት የሰው በር አንኳኩ ማለት አይደለም። ቁጣውን በጸሎት አሳድሩት፤ ንግግሩን ግን ከአንድ ሳምንት በላይ አታሳድሩት።

ቦታው ሁለታችሁም የማትታፈሩበት፣ የሰው ጆሮ የሌለበት ይሁን። የፒያሳ ቡና ቤቶች አይሆኑም፤ በጎንደር ፒያሳ ላይ ሦስት የሚያውቃችሁን ሰው ሳታገኙ ቡና አትጨርሱም። በቤታችሁ ካደረጋችሁት እርሱ እንደ ተከሳሽ ይሰማዋል። የእርሱ ቤት ከእናንተ ቤት ይሻላል፤ "ሄደህ" ይላል እንጂ "አስጠርተህ" አይልም። ከሁሉ ግን የቤተ ክርስቲያን ቅጥር በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ይሻላል። የደብረ ብርሃን ሥላሴ ወይም የደብራችሁ ዛፎች ጥላ ሥር ድምፅ ከፍ ማድረግ ያሳፍራል፤ ይህ በራሱ ግማሽ ሽማግሌ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡን አስቡበትና ደጀ ሰላም ወይም በረንዳ ፈልጉ። ዝምድና የሌላቸው ወንድና ሴት ከሆናችሁ ሰው በሚያያችሁ ግን በማይሰማችሁ ቦታ ተቀመጡ።

መልእክቱን እንዲህ ላኩ። በዕድሜ ለሚበልጣችሁ፦ "ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? በማኅበሩ ዕለት ስለሆነው ነገር ለብቻችን ግማሽ ሰዓት ላገኝዎት እፈልጋለሁ። ለጠብ አይደለም፤ ከሆዴ እንዲወጣልኝ ነው። ሰኞ 11 ሰዓት ላይ ይመችዎታል?" ለእኩያ ደግሞ ያንኑ በአንተ ወይም በአንቺ። ጉዳዩን ሳትጠቅሱ "ላናግርህ የምፈልገው ነገር አለ" ብላችሁ ብቻ አትላኩ፤ ሰውየው እስከ ሰኞ መከላከያውን ሲገነባ ይሰነብታል።

መልስ ካልሰጠ፦ አንድ ሳምንት ጠብቁና አንድ ጊዜ ብቻ ድገሙ። አሁንም ዝም ካለ ወደ ደረጃ 8 እለፉ። በር ላይ አትጠብቁት።

ደረጃ 6፦ ንግግሩ

ቅደም ተከተሉን ጠብቁ።

*አንድ፦ ሰላምታውን አታሳጥሩ።* ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጤናው ጠይቁ። የጎንደር ሰላምታ ረጅም መሆኑ እዚህ ይጠቅማል። ሰላምታ ያሳጠረ ሰው ሊጣላ እንደመጣ ይታወቃል።

*ሁለት፦ በራሳችሁ ድርሻ ጀምሩ።* "እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ ነስቼሃለሁ፤ ለባለቤቴም ስለ አንተ መጥፎ ተናግሬአለሁ። ይቅር በለኝ።" እዚህ ላይ ቁሙ። "ግን አንተም" የምትለዋ ቃል ከወጣች ያላችሁት ሁሉ ፈረሰ።

*ሦስት፦ በደሉን በዚያችው በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ።* "በሚካኤል ማኅበር ጠላው ቀጠነ ብለህ በሰው ፊት ስትናገር እኔም ባለቤቴም አፈርን፤ ከዚያ ወዲህ ማኅበር መደገስ ፈራን።" ያደረገውንና ያስከተለውን ብቻ። "አንተ ሁልጊዜ"፣ "እናንተ ቤት ድሮም"፣ "አባትህም እንዲሁ ነበሩ" የሚሉት አይገቡም።

ስለ አነጋገር አንድ ነገር ልበል። እዚህ ከተማ ቅኔ መቁጠር የማይወድ ሰው ማግኘት ይከብዳል፤ ውቀሳውም በሰምና ወርቅ ሲሆን ደስ ይለናል። ለዚህ ንግግር ግን ሰምና ወርቁን ተዉት። ወርቁን ካላገኘው ደክማችሁ ቀራችሁ፤ ካገኘው ደግሞ እንደ ሽሙጥ ይቆጥረዋል። በተራ ቃል ተናገሩ።

*አራት፦ ዝም በሉ።* ይህ ከሁሉ የሚከብደው ነው። ከተናገራችሁ በኋላ ያለው ጸጥታ ይረዝማል፤ አትሙሉት። ያዕቆብ 1፥19 ለመስማት የፈጠነ ለመናገር የዘገየ ሁን የሚለው ለዚህች ደቂቃ ነው።

*አምስት፦ ሲመልስ እስኪጨርስ ስሙት።* ከዚያ የሰማችሁትን በራሳችሁ ቃል መልሳችሁ ጠይቁት፦ "እንደገባኝ እየቀለድክ ነበር፤ እኛ የተቀየምን አልመሰለህም፤ እንደዚህ ነው?" ሳይሰማ የሚመልስ ስንፍናና እፍረት ይሆንበታል ይላል ምሳሌ 18፥13።

*ስድስት፦ የምትፈልጉትን ግልጽ አድርጉ።* ይቅርታ ብቻ ነው? በሰው ፊት የተነገረው በሰው ፊት እንዲስተካከል ነው? ገንዘቡ እንዲመለስ ነው? "አንተ ታውቃለህ" አትበሉ፤ አያውቅም።

*ሰባት፦ ይቅርታ ከጠየቀ በቃል መልሱለት።* "ይቅር ብየሃለሁ፤ እግዚአብሔር ለሁላችን ይቅር ይበለን" በሉ። ራስ መነቅነቅና "ምንም አይደለም" አይበቃም። ምንም ካልሆነ ለምን መጣችሁ? አብራችሁ "አባታችን ሆይ" ብትደግሙ መልካም ነው፤ ሰውየው ያልፈለገ እንደሆነ ግን አታስገድዱት።

ነገሩ ሲበላሽ፦

ቢክድ፦ "አላልኩም" ካለ ምስክር መጥራት አትጀምሩ። "እኔ የሰማሁት እንዲህ ነበር፤ ካላልክ ደስ ይለኛል" በሉ። ብዙ ሰው በዚያች መውጫ ቀስ ብሎ ይወጣል። እንዲወጣ ፍቀዱለት።

ቢቆጣ፦ ድምፃችሁን ከእርሱ ድምፅ በታች አድርጉ። የለዘበች መልስ ቁጣን ትመልሳለችና። ሁለት ጊዜ ከሞከራችሁ በኋላ ካልበረደ "ዛሬ ደክመናል፤ ሐሙስ እንቀጥል" ብላችሁ ተነሡ። ቀን ሳትቆርጡ ግን አትለያዩ።

አሮጌ በደል ቢያነሣ፦ "ከአምስት ዓመት በፊት አንተም" ቢል አትመልሱለት፤ ጻፉት። "እርሱንም እሰማሃለሁ፤ ይህን እንጨርስና" በሉ፤ በእርግጥም ስሙት።

በፍጥነት ይቅርታ ቢጠይቅ፦ "ካጠፋሁ ይቅርታ" ማለት ነገሩን ለመዝጋት የሚባል ነው። በእርጋታ "የትኛው እንደጎዳኝ ልንገርህና ከዚያ ይቅርታውን እቀበላለሁ" በሉት። በዚህ ላይ ጥብቅ የምሆነው በሦስተኛው ወር የሚያገረሽ ዕርቅ አብዛኛውን ጊዜ በዚህች "ካ" ስለሚጀምር ነው።

ብታለቅሱ ወይም ቢያለቅስ፦ ጠብቁ። ንግግሩ ተበላሸ ማለት አይደለም።

በዳዩ እናንተ ከሆናችሁ

ያው ቅደም ተከተል ይሠራል፤ ፈጥናችሁ ሂዱ እንጂ። ማቴዎስ 5፥23-24 መባ ይዞ የመጣውን ሰው "ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው" ካሰበ መባውን ትቶ እንዲሄድ ያዝዘዋል። ስለዚህ ተበዳይም በዳይም እንዲሄዱ ታዝዘዋል፤ ሁለቱ ቢታዘዙ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። "እርሱ መምጣት ነበረበት" ለማለት ለማንኛችንም ቦታ አልተተወም።

በቅዳሴ ዲያቆኑ "ተአምኁ በበይናቲክሙ" (እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ) ሲል አጠገባችሁ ላለው ጎንበስ ብላችሁ ከኋላ ያለውን ወንድማችሁን የምታልፉት ከሆነ፣ ለመቁረብ ከማሰባችሁ በፊት ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ።

ደረጃ 7፦ ካሳና ብድር

ገንዘብ፣ ዕቃ ወይም ወሰን ያለበት ዕርቅ በመሳሳም አያልቅም። በዚያው ቀን በወረቀት ጻፉት፤ ስንት፣ መቼ፣ በስንት ጊዜ። "በወንድማማች መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል" የሚል ካለ፣ ጳውሎስ ራሱ ለፊልሞና ስለ አናሲሞስ ሲጽፍ ዕዳ ካለበት "ይህን በእኔ ላይ ቁጠር" ብሎ በእጁ እንደጻፈ አስታውሱት።

ያታለላችሁ እናንተ ከሆናችሁ ዋናውን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። በዘሌዋውያን 6፥5 በማታለል የወሰደ ሰው ዋናውን መልሶ አምስተኛ እጅ ይጨምራል፤ 20,000 ብር ከሆነ 4,000 ይጨመራል ማለት ነው። ዘኬዎስ በሉቃስ 19፥8 አራት እጥፍ አለ። ልብ በሉ፤ ጭማሪው በበዳዩ አፍ ሲነገር ያምራል። ተበዳዩ ሥሌቱን ይዞ ሲመጣ አራጣ ይሆናል።

ተበዳሪው በእርግጥ ድሃ ከሆነ ዕዳውን መተው ትችላላችሁ። ከተዋችሁት ግን በቃል "ትቼልሃለሁ" በሉትና ወረቀቱን ፊቱ ቅደዱት። ሳይነገር የተተወ ዕዳ በሁለቱም ሆድ ውስጥ ይኖራል።

ደረጃ 8፦ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዞ መሄድ

የብቻ ንግግሩ ካልተሳካ ብቻ ወደዚህ ኑ። ወንጌሉ "አንድ ወይም ሁለት" ይላል። ሰባት ሽማግሌ ይዞ መሄድ ወንድምን ማስታረቅ ሳይሆን መክበብ ነው።

አመራረጡ እንዲህ ይሁን፦

- ከሁለቱ አንዱ ለእርሱ የሚቀርብ ሰው ይሁን፤ ለእናንተ ሳይሆን።
- የሁለታችሁም ባለዕዳ ወይም አበዳሪ ያልሆነ።
- አፉን የሚጠብቅ። ያስታረቀውን ጠብ በድግስ ላይ የሚያወራ ሽማግሌ እዚህም እዚያም አለ፤ እርሱን ተዉት።
- ከወዲሁ "ጥፋቱ የእርሱ ነው" ብሎ ያልፈረደ።

ለሽማግሌዎቹ የምትነግሯቸው ያችኑ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። በምሳሌ 18፥17 እንደተባለው ቀድሞ የተናገረ ጻድቅ ይመስላል፤ ስለዚህ የእርሱንም ወገን ሳይሰሙ እንዳይፈርዱ ራሳችሁ ለምኗቸው። ለወንድማችሁም አስቀድማችሁ "እገሌና እገሌ ባሉበት እንነጋገር፤ የምትለውጠው ሰው ካለ ንገረኝ" በሉት። ድንገት በሩ ላይ አትድረሱበት።

መብልና መጠጥ ከነገሩ በኋላ ይሁን። በዕድሜ የገፉትን ስትወቅሱ 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥1ን አትርሱ፤ ሽማግሌ እንደ አባት ይለመናል እንጂ አይገሠጽም። አንቱታውም በንዴት መካከል እንዳያመልጣችሁ ተጠንቀቁ፤ ለታላቅ ሰው የተወረወረች አንዲት "አንተ" ከዋናው ጠብ የበለጠ ዕድሜ አላት።

ሽማግሌዎቹ ሲያጣድፉ፦ "ስለ ጊዮርጊስ፣ በእናት በአባታችሁ፣ ተዉት ለእኛ ስትሉ" ይመጣል። ልባቸው መልካም ነው፤ ግን ያልተነገረ ነገር ይቅር አይባልም። በአክብሮት "አባቶቼ፣ ይቅር ልል ነው የመጣሁት፤ ነገሩ አንድ ጊዜ ከሥሩ ይነገርና ከዚያ ባላችሁኝ እታዘዛለሁ" በሉ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የሚለውን ከእነርሱ የተማርነው ስለሆነ እምቢ አይሉም።

እግር ላይ ቢወድቅ ወይም ድንጋይ ተሸክሞ ቢመጣ፦ ቶሎ አንሡት። አንገቱ ላይ ድንጋይ አድርጎ ቆሞ እንዲቆይ ማድረግ በዳይነትን ወደ እናንተ ያዞረዋል። ይህ ሥርዓት ግን ካሳውን አይተካም፤ ደረጃ 7 ይቀራል።

ሽማግሌ ፊት አልቀርብም ካለ ሽማግሌዎቹ ብቻቸውን አንድ ጊዜ እንዲያነጋግሩት አድርጉ። እናንተ ባልተገኛችሁበት የሚቀናው ብዙ ነው።

ደረጃ 9፦ ለቤተ ክርስቲያን መንገር

እነርሱንም ባይሰማ ለቤተ ክርስቲያን ንገራት ይላል። ይህ ማለት በዐውደ ምሕረት፣ በድምፅ ማጉያ ወይም በማኅበሩ ጸሎት መካከል ስሙን መጥራት አይደለም። መጀመሪያ ወደ ንስሐ አባቱ፣ ከዚያ እንዳስፈላጊነቱ ወደ ደብሩ አስተዳዳሪ ወይም ወደ ሰበካ ጉባኤው ይሄዳል። ሁለቱን ሽማግሌዎች ይዛችሁ ሂዱ፤ ምን ተሞክሮ ምን እንደቀረ እነርሱ ይናገሩ።

ገንዘብና ወሰን ያለበት ጉዳይ ወደ ፍርድ ቤት የሚሄደው ይህ ሁሉ ከተሟጠጠ በኋላ ነው። በ1ኛ ቆሮንቶስ 6 ጳውሎስ ወንድሞች እርስ በርስ መካሰሳቸውን ይነቅፋል፤ ይልቁንስ ብትበደሉ አይሻልምን እስከማለት ይደርሳል። ክሱን ከመፈረማችሁ በፊት ያን ምዕራፍ ከንስሐ አባታችሁ ጋር አንብቡት።

ቤተ ክርስቲያንን ባይሰማስ? "እንደ አረመኔና እንደ ቀራጭ ይሁንልህ።" ይህን ቃል ለመራገም የሚጠቀሙበት ሰዎች ወንጌሉን የጻፈው ማን እንደሆነ ረስተዋል፤ ማቴዎስ ራሱ ከቀራጭነት የተጠራ ነው፤ ጌታም ከቀራጮች ጋር በማዕድ ተቀምጧል። ስለዚህ በተግባር እንዲህ አድርጉ፦ ምስጢራችሁን አትንገሩት፤ ገንዘብ አታበድሩት፤ በማኅበሩ ጉዳይ አትሟገቱት። ሰላምታ ግን አትንፈጉት። ሐዘን ሲደርስበት ሂዱ፤ ዕድሩ ላይ ድንኳን ትከሉለት። ሮሜ 12፥18 "ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል" ይላል፤ የእናንተ በኩል ይህ ነው።

ደረጃ 10፦ ከዕርቁ በኋላ ያሉት ሳምንታት

በመጀመሪያው ማኅበር አጠገቡ ተቀመጡ። ንግግር ባይኖራችሁም ተቀመጡ። ስድቡ በሰው ፊት ከሆነ ማስተካከያውም በዚያ ቀን በአንድ አጭር ቃል በሰው ፊት ይነገር፤ ንግግር አይደረግበት።

"ምን ሆናችሁ ነበር?" ለሚል ሰው መልሱ "ታርቀናል" ነው። ዝርዝሩን ያወራ ሰው ጠቡን እንደገና ይደግሰዋል።

ይቅርታና እምነት አንድ አይደሉም። ይቅር ያላችሁትን ሰው በማግስቱ እንደገና የማበደር ግዴታ የለባችሁም። ጳውሎስና በርናባስ በሐዋርያት ሥራ 15 በማርቆስ ምክንያት ተለያይተው በየመንገዳቸው ሄዱ፤ በኋላ ጳውሎስ በ2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥11 ማርቆስን ይዘህ ና፣ ይጠቅመኛል ብሎ ጻፈ። እምነት ለመመለስ ጊዜ ወስዷል።

ያንኑ በደል ቢደግም፦ ሉቃስ 17፥4 በቀን ሰባት ጊዜ ቢበድልና ተጸጽቻለሁ እያለ ቢመለስ ይቅር በለው ይላል። ይቅርታው አይቋረጥም፤ ግን ያው በደል ለሦስተኛ ጊዜ ከመጣ የብቻ ንግግሩን ደግሞ ብቻውን አትጠቀሙ፤ ያስታረቋችሁን ሰዎች አንዱን ጨምሩ። ማኅበሩ በተራ የሚያስደግስ ከሆነና ጠቡ ዘወትር በድግስ ምክንያት የሚነሣ ከሆነ ደግሞ የጠላውንና የዳቦውን መጠን በማኅበሩ ደንብ ወስኑት። አንዳንዱን ኃጢአት በጸሎት ብቻ ሳይሆን በደንብም መከላከል ይቻላል።

ሰውየው ሩቅ ከሆነ ወይም ካረፈ

ውጭ አገር ላለ ሰው ጽሑፍ አትላኩ፤ ደውሉ፤ ድምፅ ይሻላል። ደረጃ 6ን በዚያው ቅደም ተከተል ተከተሉ፤ የሰዓቱን ልዩነት አስቡ እንጂ።

ያረፈ ከሆነ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፤ የሚያዝዟችሁን ጸሎትና ቀኖና ተቀበሉ። የእርሱ ገንዘብ በእጃችሁ ካለ ለልጆቹ ወይም ለወራሾቹ መልሱ፤ ወራሽ ከሌለ በንስሐ አባታችሁ ምክር በስሙ ምጽዋት ስጡ። እርሱ ዕዳ ኖሮበት ከሆነና ልጆቹ ለመክፈል የማይችሉ ከሆኑ ተዝካሩ ሳይደርስ ወደ ቤታቸው ሂዱና ትተንላችኋል በሏቸው፤ ወረቀት ካለ ስጧቸው።